ስለ መጠበቅና ስለ መጥበቅ

ሌባ ያልነካው፥ እሳት ያልበላው፥ ጎርፍ ያልወሰደው ገንዘብ በባለቤቱ ግቢ፥ በባለቤቱ ቁልፍ፥ በባለቤቱ ዐይን ሥር ሆኖ ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የሚነሣው በመጻሕፍት ቤት ብቻ አይደለም፤ በከሚሴ ከተማ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር አቧራ በለበሰ አሮጌ አውቶሞቢል ዙሪያም ይነሣል። ባለቤቱ አልሸጠውም፤ አላከራየውም፤ ለማያውቅ ሰውም አላዋሰውም። ይልቁንም ከገንዘቡ ሁሉ አብልጦ ስለ ወደደው ዘጋበት። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን መጠለያው ተከፍቶ ሞተሩን ለማዞር ቢሞከር እንደ ዐለት ሆኖ ይገኛል። አንዲት ጥርስ ስንኳ አትንቀሳቀስም። እንግዲህ ይህ በደለኛ የሌለበት ጥፋት ነውን? ወይስ በደለኛው የጠበቀው ሰው ራሱ ነው?

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። መንገዱን አሁን ባለው መልክ የጠረጉት ጣሊያኖች ናቸው፤ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማ በር ተራራ በዋሻ ወጥቶ፥ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይገባል። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1400 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነች በደብረ ብርሃን ጋቢ የደረበ ተጓዥ እዚያ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በጉልበቱ ላይ ያኖራል። የቦርከና ወንዝ በአጠገብ ይፈስሳል፤ የጨፋ ረግረግ በበጋ ስንኳ ሣር ስለማያጣ የአፋር ከብት ሁሉ ሳይቀር ወደዚያ ይወርዳል። ለከብት የተመቸ ሁሉ ግን ለብረት አይመችም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ከሁሉ ቀድሞ የሚጐዳው ብረት ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ መንገድ በሌለበት በረሃ እየነዳ አዲስ አበባ አደረሰው። ወሎ በኋላ ብዙ ሞተር አየ። ከአሰብ ወደብ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ወደ መሐል አገር የሚወጣው ጭነት ብዙ ዘመን በዚሁ በከሚሴ ደጃፍ አልፏል። የፊያት የጭነት መኪና ድምፅ ለዚያ አገር ልጅ እንደ ጎረቤት ድምፅ የታወቀ ነበረ፤ ሞተርን የሚመለከተው ቃልም ከድምፁ ጋር ገባ። ካንዴላ፥ ቴስታታ፥ ካምቢዮ፥ ሞተሪኖ፥ ማርሚታ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከጣሊያን አፍ ተወስደው የአማርኛ ተናጋሪ ሆነው ቀርተዋል።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንድ ሰው ለምሳሌ ይቁም፤ ስም አያስፈልገውም፥ እርሱን የመሰለ በየከተማው አለና። ይህ ሰው የከሚሴ ነጋዴ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በንግድ ባገኘው ገንዘብ ጣሊያኖች «ሚሌቼንቶ» የሚሉትን ፊያት 1100 ገዛ። ኩባንያው ይህን ዓይነት አውቶሞቢል መልኩን እየለዋወጠ ከ1937 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል፤ ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለውና በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። ነጋዴው እሑድ ሰንበቴ፥ ሰኞ ባቲ ገበያ ዋለበት፤ የጎረቤት ሙሽራ አመጣበት፤ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ደሴ አደረሰበት። ዘመኑ ሲለወጥ፥ መለዋወጫው ከገበያ ሲጠፋ፥ የራሱም ዐይን ሲደክም አንድ ቀን በግቢው ጥግ አቆመው። «ልጆቼ ሲያድጉ ይነዱታል» ብሎ ሸራ አለበሰው። ከዚያ ወዲያ ሲያልፍ ሲያገድም ሸራውን ያስተካክላል፤ ሕፃናት እንዳይወጡበት ይቈጣል፤ ዶሮ እንዳይሰፍርበት ይከለክላል፤ ለዒድ ውጭውን በጨርቅ ይወለውላል። ኮፈኑን ግን አልከፈተም።

ብዙ ሰው ሞተርን የሚጐዳው ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ሥራማ ያሳሳዋል፤ ነገር ግን የሚሠራ ሞተር በየደቂቃው ራሱን በዘይት ይቀባል። ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ከሥሩ ካለው ገንዳ ይከማቻል፤ የሲሊንደሩም ግድግዳ ይራቈታል። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ነው፤ ከሰው ጠጕር አይወፍርም። በፒስተኑ ወገብ የታጠቁት ቀለበቶች ደግሞ ግድግዳውን እንደ ነኩ ይኖራሉ። ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከወጣበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፥ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ከጠጕር በማይወፍር ክፍተት ውስጥ የበቀለ ነገር እንዲህ ሲያብጥ የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመግቢያው ነገር ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በየትኛውም ቅጽበት ቢቆም አንዱ አየር ሲስብ፥ አንዱ ሲጨምቅ፥ አንዱ ሲተኩስ፥ አንዱ ጭሱን ሲያወጣ ይቆማል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ በራቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በካርቡራተሩ ወይም በማርሚታው በኩል የክረምቱ እርጥበት የሚገባው በእነርሱ ነው። በራቸው የተዘጋው ግን ብዙ ዘመን ንጹሕ ሆነው ሊቈዩ ይችላሉ። ሆኖም አራቱ በአንድ ዘንግ የታሰሩ ናቸውና አንዱ ሲነክስ ንጹሐኑም አብረውት ይቆማሉ። ሸራውን በየሳምንቱ የሚያስተካክለው ባለቤት ያን ክፍት በር አያውቀውም። እርሱ ከውጭ የሚመጣውን ሌባ ይጠብቃል፤ ጥፋቱ ግን ሞተሩ በቆመባት በዚያች ቀን ክፍት በቀረው በር ገብቶ ኖሯል።

በአማርኛ «ጠበቀ» የሚለው ቃል ይህን ታሪክ ሁሉ በሦስት ፊደል ይዞታል። ጠበቀ፥ ዘብ ቆመ፤ አንድም ጠበቀ፥ ታግሦ ቈየ፤ አንድም ጠበቀ፥ እንደ እርጥብ ገመድ ቋጠሮ አልፈታ አለ። ስላለፈው ጊዜ ሲነገር ሦስቱም በድምፅ አንድ ናቸው፤ «ሰውዬው ጠበቀ፤ ሞተሩም ጠበቀ» ቢባል ጆሮ አይለያቸውም። የሚለዩት ስለሚመጣው ጊዜ ሲነገር ነው። «ይጠብቃል» በሚለው ብ ጠብቆ ከተነበበ ዘብ ይቆማል፥ ወይም ይታገሣል ማለት ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ግን ይከርራል፥ አይፈታም ማለት ነው። መክረሩን የሚናገረው ላልቶ፥ መታገሡን የሚናገረው ጠብቆ መነበቡ ለቅኔ ተማሪ ጥሩ መጫወቻ ነው። ነገር ግን ጨዋታው ለዳኝነትም ይረዳል። በኋላ ዘመን ቆሞ ወደ ኋላ ለሚመለከት የነጋዴው ሃምሳ ዓመት ጥበቃ ይመስላል፤ ቍልፍ ነበረ፥ ሸራ ነበረ፥ ቍጣም ነበረ። «ነገ ምን ይሠራል?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ጥበቃው ጥበቃ እንዳልነበረ ይታወቃል። ነጋዴው የጠበቀው መልኩን እንጂ መሄዱን አልነበረም፤ ለልጆቹ ያሰበው ግን መሄዱን ነበር።

በዚህ ላይ የሚከራከር አይጠፋም። ቆሞ የሚኖር ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም ይላል፤ እውነትም አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የክብር አውቶሞቢሎቻቸው ቀሩ። በ2017 ዓ.ም. የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለሕዝብ ሲከፈት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አሮጌ አውቶሞቢሎች ለተመልካች ቀርበዋል። እነዚያን የሚያይ ሰው ሞተራቸው ይዞር እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ሥራቸው መታየት ሆኗልና። አንድ ነገር ከመሄድ ወደ መታየት ሥራውን በግልጥ ከለወጠ መቆሙ በደል አይሆንም። በከሚሴው ግቢ ያለው ግን ከሁለቱ ለአንዱም አልተሰጠም። እንዳይታይ ሸራ ለበሰ፤ እንዳይሄድ ተዘጋበት። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ እንኳ ከዚህ ነጋዴ ይልቅ ዕድለኛ ነበረ፤ እርሱ የቀበረው እንደ ቀበረው ሳይጐድል ወጥቶለታልና። ያም ሆኖ ከወቀሳ አልዳነም፤ ብረት የቀበረ ሰው ምን ይባል?

ዳሩ ግን ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍርድን ማጕደል ነው። ሁለተኛው በደል የሚመጣው ከአዳኞቹ ነውና።

ሰውዬው ካረፈ በኋላ ታላቁ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ታናሹ ከሚሴ ነበረ። ታናሹ «ምን ያደርጋል፤ ቍርጥራጭ ብረት ለሚገዛው በኪሎ እንስጠው» አለ። ታላቁ ግን እንቢ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏልና እንዲህ ያለው ነገር ከእንግዲህ በወደብ አይመጣም፤ ከዚያም በላይ የአባቱ ነው። ምክንያቱ መልካም ነበረ። መንገዱ ግን እንዲህ ሆነ፤ ሽማግሌ መካኒክ ከኮምቦልቻ አስጠርቶ «ጋሼ፥ አይሱዙ እናምጣና በማርሽ አስገብተን ወደ ሐርቡ እንጎትተው፤ እየሄደ ራሱ ይለቃል» አለው።

መካኒኩም «አብሽር ልጄ፤ መልቀቅስ ይለቃል። የሚለቀው ግን ምኑ እንደ ሆነ አታውቅም» ሲል መለሰ።

ይህ መልስ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ ነው። በማርሽ ገብቶ የሚጎተት አውቶሞቢል ጎማው ካምቢዮውን፥ ካምቢዮው የሞተሩን ዘንግ፥ ዘንጉ ፒስተኖቹን ለማንቀሳቀስ ይታገላል። ከኋላው ያለው የጭነት መኪና ጉልበት ነው፤ ከፊቱ ያለው በዝገት የተያዘ ፒስተን ነው። ጉልበት በሰንሰለት ላይ ሲወርድ ደግሞ የሚበጥሰው የታመመውን ሳይሆን የደከመውን ነው። ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ይጣመማል፤ ወይም የቀለበቱ ማረፊያ ይሰበራል፤ ወይም የማርሹ ጥርስ ይረግፋል። የነከሰው አንዱ ሲሊንደር ሆኖ ሳለ ያልነከሰው ይሰበራል። በሞተሪኖ ማስገደድም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። በሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት ተጠራቅሞ እንደ ሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ አየር ይጨመቃል፥ ፈሳሽ ግን አይጨመቅምና ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን እንደ ግንብ ይገጨዋል።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለተመልካች ምንም የማድረግ ያህል ነበረ። ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገ። ከዚያም የነከሰው ሞተሩ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ብሎ መረመረ፤ የሞተሪኖው ጥርስ ተቀርቅሮ እንደ ሆነ፥ የዲናሞው ወይም የውኃው ፓምፕ ደርቆ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ለየ። በማይዞር ሞተር ላይ «ሞቷል» ተብሎ የተፈረደው ፍርድ ብዙ ጊዜ በጎረቤቱ ጥፋት የተፈረደ ነው። ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች ፈታ፤ እያንዳንዱንም ፈትቶ በብርሃን ተመለከተ። ሦስቱ ጥቁር ነበሩ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን ጫፉ ቀይ ዱቄት የነካ ይመስል ነበረ። መካኒኩ ለማንም ሳይናገር ካንዴላዎቹን እንደ ተራቸው በጨርቅ ላይ ደረደራቸው።

ከዚያ በኋላ ዘይት ነው። ወፍራም ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ከጠጕር በማይሰፋ መንገድ ውስጥ ራሱን እየሳበ የሚገባ ቀጭን ዘይት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ናፍጣ ወይም ላምባ ያፈስሳል፤ አንዳንዱ አሴቶንን ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር እኩል ይቀላቅላል። ሁለቱ ተቀላቅለው አይቈዩምና ሲፈስስ መነቅነቅ ያስፈልገዋል፤ እሳት ፈጥኖ የሚይዝ ስለ ሆነ ሲጋራ የያዘ ሰው በአጠገቡ አይቁም። ሽማግሌው በአራቱም ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት አፈሰሰና «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። በነጋው መጣ፤ ዘይቱ ምን ያህል እንደ ጐደለ በቀጭን ሽቦ ለካ፤ ጥቂት ጨመረ፤ ከፊት ባለው የዘንጉ ብሎን ላይ ቁልፍ አግብቶ በአንድ እጁ ወዲህ ሞከረ፥ ወዲያም ሞከረ። አልተነቃነቀም። አላዘነም፤ ሄደ። በሦስተኛውም፥ በአራተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ። ታላቁ ልጅ በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ ሊረዳው ቢፈልግ ከለከለው። ቧንቧው የሰውን እጅ ጉልበት ያበዛል፤ የእጅን ስሜት ግን ያጠፋል፤ ብረት ሊሰበር ሲል የሚናገረው ትንሽ ንግግር አለ፥ እርሱም በአጭር እጀታ ብቻ ይሰማል።

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሞተሩን ያጠፋው መቈየት ነው፤ ሊፈታው የታሰበውም በመቈየት ነው። በግቢው ጥግ ቆሞ ሃምሳ ዓመት ጠበቀ፤ አሁንም በዚያው ጥግ ቆሞ ቀናት ይጠብቃል። ከውጭ ላየው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሸራው ያው፥ ዝምታው ያው፥ የማይዞረውም ሞተር ያው። ታላቁም ልጅ በስምንተኛው ቀን የተናገረው ይህንኑ ነበረ፤ «ጋሼ፥ አባቴም እንዲህ ሲጠብቅ ነው እዚህ ያደረሰው» አለ። ይህ አነጋገር በቍጣ የተነገረ ቢሆንም መልስ የሚገባው ነው።

አንዳንድ ሰው ልዩነቱን በርዝመት ያደርገዋል፤ ረጅሙ መቈየት ስንፍና፥ አጭሩ ትዕግሥት ነው ይላል። ይህ ግን አይበቃም። አንድ ቀንም በስንፍና ይውላል፤ ሠላሳ ዓመትም በትዕግሥት ይኖራል። ሌላው ልዩነቱን በልብ ውስጥ ያደርገዋል፤ አባት የቈየው ፈርቶ ነው፥ መካኒኩ የቈየው ተስፋ አድርጎ ነው ይላል። ይህም ሙሉ አይደለም፤ አባትም ተስፋ ነበረው፥ «ልጆቼ ይነዱታል» ያለው በተስፋ ነውና። ምናልባት ልዩነቱ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነገር ሳይሆን አይቀርም። አባት ሲቈይ ነገሩ ስለ ራሱ የሚነግረውን አንድም ቀን አልጠየቀውም፤ በውጭ ያለውን ሸራ ነካ፥ በውስጥ ያለውን ግን አልነካም። መካኒኩ በየቀኑ ይጠይቀዋል። ዘይቱ ጐድሏልን? እጅ ሲጫነው ምን ይሰማል? መልሱ «ገና ነው» ቢሆንም መልስ ነው፤ የዛሬው «ገና» ከትናንቱ «ገና» ጋር ይነጻጸራል። የአባት መቈየት ማንንም የማይጠይቅ መቈየት ስለ ነበረ መልስ የሚያገኝበት ቀን አልነበረውም። ስለዚህም መጨረሻ አልነበረውም፤ ያበቃው በሞቱ ነው።

ይህ ነገር ከብረት ወጥቶ ወደ ሰው ሲደርስ ክብደቱ ይጨምራል። በዚያው አገር ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቁ አባጋር የሚባሉ ሽማግሎች አሉ። አገሩም አስታራቂ የሚያስፈልገው ሆኖ አልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ሕይወት ጠፋ፥ ቤትም ተቃጠለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ኮምቦልቻና እስከ ከሚሴ ደረሰ። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ይነሣል። አንዱ «ዛሬውኑ ይታረቁ» ብሎ በገመድ የሚጎትት ነው፤ ሁለቱን ወገን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ አስጨብጭቦ ይበትናቸዋል፥ ቢዬላው መጣመሙ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ሁለተኛው «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ሸራ አልብሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነው። ይህኛው ሰላማዊ ስለሚመስል ማንም አይወቅሰውም፤ ነገር ግን ጊዜ ብቻውን ዝገት ነው እንጂ ዘይት አይደለም። የአስታራቂ ሥራ ግን ዛሬ ወደዚህ፥ ነገ ወደዚያ መመላለስ ነው፤ ጥቂት ወዲህ፥ ጥቂት ወዲያ፤ የመጣበትን ቤት ደጃፍ አይገፋም፥ ሳይመለስበትም አይቀርም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አስቀድሞ የትኛው ሲሊንደር እንደ ነከሰ ይለያል። በአንዱ ቤት ያለውን በቀል የሕዝብ ሁሉ በቀል አድርጎ የሚናገር ሰው ሦስቱን ንጹሓን ከአንዱ ጋር ሊሰብር የተዘጋጀ ነው።

ሆኖም ትዕግሥትም ልክ አለው፤ ልኩን የማያውቅ ትዕግሥት ተመልሶ የነጋዴውን ሸራ ይሆናል። ዘይቱ ሳምንታት ሰንብቶ ምንም ለውጥ ካልታየ ቴስታታው ይነሣል፤ የነከሰው ፒስተን በዐይን ይታያል፤ ከግድግዳው በላይኛው ክፍል ያለው ዝገት በእጅ ይጠረጋል፤ በፒስተኑ ላይ ጠንካራ እንጨት ተደርጎ በመዶሻ በቀስታ ይመታል። ሙቀትም ይረዳል፤ የአሉሚኒየም ፒስተን ሲሞቅ ከብረቱ ግድግዳ እጥፍ ያህል ይሰፋል፥ ሲበርድም እንደዚሁ ይሰበሰባልና መሞቅና መብረዱ ሲደጋገም ዝገቱ ይሰነጠቃል። ይህም ሁሉ ካልረዳ ፒስተኑን ሰብሮ ማውጣት ይመጣል። መስበር ያን ጊዜ ኃጢአት አይደለም፤ የሚሰበረው የሚተካው ነውና፥ የሚተርፈው ደግሞ ምትክ የማይገኝለት የሞተሩ አካል ነው። አይሱዙውም ሽማግሌውም ሊሰብሩ ይችላሉ። አይሱዙው ግን የሚሰብረውን አይመርጥም።

ታናሹ ልጅ በዚህ ሁሉ ቀን ዝም ብሎ ይመለከት ነበረ። መጀመሪያ በኪሎ ይሸጥ ያለው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ዘይቱን የሚነቀንቀው እርሱ ሆነ። ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ለምን እንዳደረገውም አልተናገረም። ምናልባት በየቀኑ የሚጠየቅ ነገር ጠያቂውንም ቀስ በቀስ ሳያስቀባው አይቀርም፤ ምናልባትም አባቱ ያልከፈተውን ኮፈን ማየት አጓጕቶት ይሆናል።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌው መጣ። ከፊት ባለው መዘውር ላይ በነጭ ጠመኔ ቀጭን መስመር አስምሮ፥ በአጠገቡም በማይንቀሳቀሰው ብረት ላይ ሌላ መስመር አስምሮ ነበረ፤ ሁለቱ መስመሮች ዐሥራ ስምንት ቀን እንደ ተያዩ ኖረዋል። ቁልፉን አግብቶ ወዲህ ሞከረ። ወዲያ ሞከረ። ቁልፉን አውጥቶ ጐንበስ ብሎ መስመሩን አየ። በሁለቱ መካከል የአንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል ክፍተት ነበረ።

ታላቁ ልጅ ዘልሎ ተነሣ፤ ባትሪ ሊያመጣ፥ ቤንዚን ሊገዛ፥ ለእኅቶቹም ሊደውል ፈለገ። መካኒኩ ግን ቁልፉን ወዲያው ወደ ነበረበት ጥቂት መለሰው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጥቂት ወደ ፊት፤ የጤፏ ፍሬ ሁለት ጤፍ ሆነች። ከዚያ ቆመ። ከሥር ያለው አሮጌ ዘይት ገና አልተለወጠም፤ በቤንዚኑ ገንዳ ውስጥ ያለው ሃምሳ ዓመት የሞላው ዝቃጭ ገና አልተጠረገም፤ የፍሬኑም ነገር ገና አልታየም። «ጋሼ፥ እንግዲህ ምን ቀረ?» ቢለው «ዛሬ ይብቃው» አለና በአራቱ ቀዳዳዎች ላይ አቧራ እንዳይገባ ንጹሕ ጨርቅ ወተፈባቸው። ታናሹ ልጅ ሸራውን አንሥቶ ሊያለብስ መጣ፤ ጥቂት አሰበና አጣጥፎ በግድግዳው ሥር አኖረው።